ንዴት ሲመጣ በየትኛው ቃል እንጥራው?

በዛሬው ትምህርት ደጋግመን የምናነባቸው ቃላት፦ ንዴት፣ ቁጣ፣ ንቀት፣ ቅሬታ፣ ቂም፣ ካሳ፣ እርቅ።



ፊደል የቆጠረ ሰው አስቀድሞ የሚጽፈው የራሱን ስም ነው። ቀጥሎ የልጆቹን ስም ይጽፋል። ከዚያስ ምን ይጽፋል? ለዘመድ ደብዳቤ ይጽፋል የሚል ይኖራል። እኔ ባስተማርኩበት የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ከስም ቀጥሎ የተጻፈው አቤቱታ ነው። ሰው ለብዙ ዘመን በሆዱ ይዞት የኖረውን ነገር ብዕር ሲያገኝ ያወጣዋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በምን ቃል ነው የሚያወጣው? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ጉዳይ ነው።

በጣቢያችን በሁለተኛው መደዳ የሚቀመጡ አንድ አባት ነበሩ። የአምስት ልጆች አባት ናቸው። በጥቅምት ወር መጨረሻ አንድ ቀን ማለዳ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ለሽማግሌዎች የምሰጠው ነው፤ ፊደሉን እረምልኝ» አሉኝ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«ጐረቤቴ ደፈረኝ። ሆን ብሎ ሰብሌን በከብት አስበላኝ። ከሰው አይቆጥረኝም። ንቆኛል። የአባቱም ዘር እንዲሁ ነው። አሁን ዝም ካልኩ ወንድ አይደለሁም።»

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ፊደሉን አረምኩ። «ቆ» መሆን የነበረበት «ቀ» ተብሎ ነበር፤ አስተካከልኩት። አራት ነጥብ በጐደለበት ቦታ አራት ነጥብ አደረግሁ። በልቤም ኮራሁ። ከጥቂት ወራት በፊት «ሀ»ን ከ«ለ» የማይለዩ አባት ዛሬ ስድስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ ብዬ ነው። እሳቸው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ካላነበቡት ዱላዬ ያነብላቸዋል» አሉ።

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ፊደሉን አርሜ ነገሩን ሳላነበው ነበር።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ትልቅ እናት ይህን ሰምተዋል። ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ለመሆኑ በሬዎቹ ስንት ናቸው? የበሉትስ ስንት እርምጃ ነው?» ብለው ጠየቁ። አባታችን መልስ አልነበራቸውም። «ንቆኛል እያልኩሽ እኔ እርምጃ ልቁጠር!» አሉ። እኚያ እናት ግን አልተበገሩም። «ንቀቱ የትም አይሄድብህ። ጤፉን ግን ሂድና ቁጠረው» አሏቸው።

ሄዱና ቆጠሩት። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። ማሳው ላይ ኮቴ ተከትለው የገቡት ሁለት በሬዎች መሆናቸውን አይተዋል። ከጐረቤታቸው አጥር አጠገብ የተበጠሰ ገመድ ከችንካሩ ጋር ወድቆ አግኝተዋል። የተበላውን በእርምጃ ለክተዋል። ከዚያ ሁለተኛውን ወረቀት ጻፉ፦

«ጥቅምት 22 ቀን ሌሊት የጐረቤቴ ሁለት በሬዎች ገመድ በጥሰው ከጤፍ ማሳዬ ገቡ። 14 እርምጃ በ6 እርምጃ በልተውና ረግጠው አበላሹብኝ። ጠዋት ሄጄ ስነግረው ‹አንቺ ምን ታመጫለሽ› አለኝ። ይህ ቃል ከጤፉ ይልቅ አሳዘነኝ። የጤፉን ካሳ እፈልጋለሁ። ስለ ቃሉም ይቅርታ እፈልጋለሁ።»

እስቲ ሁለቱን ወረቀቶች ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። አንድ ሰው ነው የጻፋቸው፤ ያውም በአንድ ቀን። ጉዳዩም አንድ ነው። የመጀመሪያውን ሽማግሌ ቢያነበው ምን ሊፈርድ ይችላል? ንቀትን በምን ይለካዋል? በቁና ነው? በክንድ ነው? «የአባቱ ዘር» የተባለውን ነገርስ ማን ካሳ ይከፍልበታል? አያት ከመቃብር ተነሥተው ይመልሱ? ሁለተኛውን ወረቀት ግን ማንኛውም ሽማግሌ ይዞት ማሳው ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። «አንቺ ምን ታመጫለሽ» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የለም። ዋናው ያቃጠላቸው ግን እሱ ነበር። «ደፈረኝ፣ ናቀኝ» የሚሉት ትልልቅ ቃላት ትክክለኛውን ቁስል ሸፍነውት ነበር። ጤፉን መቁጠር ሲጀምሩ ነው የታመሙበትን ቦታ ያገኙት።

አሁን ወደ ቃላቱ እንሂድ። ሰሌዳ ካላችሁ ጻፏቸው።

«ናቀ» ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ና፣ ቀ። ትንሽ ቃል ናት፤ ግን በአገራችን ስንት ሰው ወደ መቃብር፣ ስንቱን ደግሞ ወደ ወህኒ ቤት ልካለች! «ናቀኝ» ስንል የሌላውን ሰው ልብ ከፍተን አየን ማለታችን ነው። በሬ ገመድ ሲበጥስ በዓይን ይታያል። ሰው ሲንቅ ግን በዓይን አይታይም። እኛ ነን ከሥራው ተነሥተን የምንገምተው። ግምታችን አንዳንዴ ልክ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስህተት ነው። «ሆን ብሎ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ማንም ገበሬ በሌሊት ተነሥቶ የገዛ በሬውን ገመድ ይበጥሳል? ላይሆን ይችላል አልልም፤ ግን ሳይጠይቁ አይጻፍም።

«ነደደ» የሚለውን ጻፉ። ከጐኑ «ተናደደ» ብላችሁ ጻፉ። ነ፣ ደ፣ ደ ይላል አንደኛው። ሁለተኛውም ደ፣ ደ ብሎ ነው የሚጨርሰው። ዘመዳማቾች ናቸው። አባቶቻችን ንዴትን እሳት ብለው ጠርተውታል። «ገነፈለ» የሚለውም ከድስት የመጣ ነው። «ደሙ ፈላ» እንላለን፤ «አረረ» እንላለን፤ «ቆሽቴን አሳረረው» እንላለን። ሁሉም ከምድጃ አጠገብ የተገኙ ቃላት ናቸው። እሳት ደግሞ ማገዶ ካላገኘ ይከስማል። የእሳቱ ማገዶ ምንድን ነው ብትሉ፣ ደጋግመን ለራሳችን የምንናገረው ቃል ነው። በሬ እየጠመድን፣ ውኃ እየቀዳን፣ ተኝተን ሳይቀር «ናቀኝ እኮ፤ እኔን!» የምንለው ነገር ነው።

ሌላ ዓይነት ቃላት ደግሞ አሉን። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ» እንላለን። እነዚህ መጥተው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። የራበው ሰው እስከ ዕድሜ ልኩ ርሃብተኛ ሆኖ አይኖርም፤ እንጀራ ሲያገኝ ይጠግባል። በዚሁ መልክ የተሠሩ የስሜት ቃላት አሉ፤ «ከፋኝ»፣ «ቅር አለኝ»፣ «አዘንኩ»ንም ልትጨምሩ ትችላላችሁ። «ቅር አለኝ» ያለ ሰው የሚናገረው ስለ ራሱ ነው። ማንም «ቅር አላለህም» ብሎ ሊከራከረው አይችልም። «ናቅኸኝ» ያለ ሰው ግን ወዲያው ክርክር ይገጥመዋል፤ «አልናቅሁህም!» «ንቀኸኛል!» እየተባለ ይመሻል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። በጣቢያችንም ተነሥቷል። አንድ ወጣት ገበሬ «‹ቅር አለኝ› የሴት ንግግር ነው» አለ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ከትልልቅ ሽማግሌዎች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል ነው። ሽማግሌ «በአንተ ቅር ብሎኛል» ካለ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ጩኸት የሌለው ከባድ ቃል ነው። ሁሉን ነገር «ደሜ ፈላ» የሚል ሰው ግን ዶሮ ጓሮው ስትገባም ደሙ ይፈላል፤ ልጁ ሲመታበትም ደሙ ይፈላል። አንዱን ከሌላው የሚለይበት ቃል ስለሌለው ለሁለቱም አንድ ዱላ ያነሣል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። እንዲህ ስጽፍ ከሰማይ የወረድኩ አስተማሪ እንዳትመስሉኝ ብዬ ነው።

እኚያ «ጤፉን ቁጠረው» ያሉት እናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ጸ»ንና «ፀ»ን እያምታቱ ያስቸግሩኝ ነበር። አንድ ቀን ፀሐዩ በርትቷል፤ እኔም ደክሞኛል። በሰው ሁሉ ፊት «ይህችን እንኳ አታውቂም? እንዴት ያለሽ ሰነፍ ነሽ!» አልኳቸው። እናቴን የሚያህሉ፣ እንዲያውም የሚበልጡ ሴት ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው። በማግሥቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ያፈሉ ነበር። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ፊደሉ አልከበደኝም። ‹አታውቂም› ያልኸው ነው የከበደኝ» አሉኝ። መምጣታቸውን የቀጠሉት ከሳምንት በኋላ ነው። ባይመጡ ኖሮ ያን ዕለት «ስንት እርምጃ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ይኖር ነበር?

ጠብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወድቀው «አንቱ» የሚለው ቃል ነው። ይህን በየመንደራችሁ ታውቁታላችሁ። ትናንት «እርስዎ» የተባሉት ሰው ዛሬ «አንተ» ይባላሉ። ወንድ ለማዋረድ ሲፈለግ ደግሞ «አንቺ» ይባላል። በነገራችን ላይ ይህ ስድብ ሁለት ሰው ነው የሚሰድበው። አንደኛ የተሰደበውን ወንድ፤ ሁለተኛ ሴቶችን በሙሉ። እናቱን «አንቺ» ብሎ እየጠራ ያደገ ሰው እንዴት «አንቺ» የሚለውን ቃል ስድብ ያደርገዋል? ለእኔ እስካሁን አልገባኝም።

የስም አጠራሩም ይለወጣል። ጐረቤት በስሙ ይጠራ የነበረው «ያ ሰውዬ» ይሆናል። ቀጥሎ «ያ ውሻ» ይሆናል። ሰውን ከሰውነት ካወጣነው በኋላ ዱላ ማንሣት ቀላል ነው፤ በውሻ ላይ ዱላ የሚነሣ ነውና። ስለዚህ የተናደዳችሁበትን ሰው በስሙ ጥሩት። «አያ እገሌ» ብላችሁ ጀምሩ። አንደበት አልታዘዝ ይላል፤ አውቃለሁ። ግን «አያ» ብሎ ጀምሮ በስድብ መጨረስ ያስቸግራል።

«ሁልጊዜ» የሚለው ቃልም ተንኮለኛ ነው። «ሁልጊዜ ከብትህን ትለቅብኛለህ» ስትሉት ሰውዬው ያልለቀቀባቸውን ቀኖች መቁጠር ይጀምራል። የዛሬው ጥፋት ይረሳል። «ዛሬ» በሉ፤ «ትናንት ሌሊት» በሉ። ከዚህ በፊትም ደርሶ ከሆነ ወሩንና ቀኑን ጻፉት። መጻፍ ተምራችኋል እኮ!

ጥቂት ደግሞ ስለ ሰውነታችን እንማር። ሰው ሲናደድ ልቡ ይደልቃል፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይህ የጋኔን ሥራ አይደለም። ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። አድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። በዚህም ሰውነታችን ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ጅብ ሲመጣ ይህ በጣም ይጠቅማል። ጐረቤት ሲመጣ ግን ለመሮጥም ለመታገልም የተዘጋጀ ሰው ለመነጋገር አይመችም። «ደፈረኝ» ባልን ቁጥር ለገዛ ሰውነታችን «ጅብ መጣ» ብለን እንደ መናገር ነው።

«ንዴት ካልወጣ ሆድ ውስጥ ይገላል፤ ጮኸህ፣ ደብድበህ አውጣው» የሚሉ አሉ። ብራድ ቡሽማን የሚባል የአሜሪካ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ጥናቱን አሳትሟል። ተማሪዎች ጽሑፍ እንዲጽፉ አደረገ፤ ጽሑፋቸውን ክፉኛ በማጣጣል አናደዳቸው። ከዚያ አንዳንዶቹን ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ መለማመጃ ከረጢት እንዲደበድቡ አደረጋቸው። ሌሎቹን ዝም ብለው እንዲቀመጡ አደረጋቸው። ንዴታቸው ብሶ የተገኙት የደበደቡት ናቸው። እሳትን በማራገብ ያጠፋ ሰው የለም፤ ይህን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር ትሉ ይሆናል። ግን ተለክቶ መገኘቱ ደግ ነው።

ሌላም ጥናት አለ። ማቲው ሊበርማንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ነው። ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት ሥዕል እንዲያዩ ተደረገ፤ አንጎላቸውም በመሣሪያ ታየ። ያዩትን ስሜት «ቁጣ ነው»፣ «ፍርሃት ነው» ብለው በስሙ ሲጠሩት፣ አንጎል ውስጥ የአደጋ ምልክት የሚቀበለው ክፍል ረገብ አለ። ስሜትን በስሙ መጥራት ማለት ምን እንደ ሆነ እንግዲህ አስቡት። ስድብ መወርወር ሌላ፣ «ተቆጥቻለሁ» ማለት ሌላ ነው።

ዝም ማለትስ? ኩርፊያስ? እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ይዳፍናሉ። ጠዋት አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት እሳቱ አለ፤ ጭራሮ ሲጨመርበት ይነዳል። ቂምም እንደዚሁ ነው። በመስከረም ዝም የተባለ ነገር በጥር ሠርግ ቤት፣ ጠላ ከተጠጣ በኋላ ይነሣል። ስለዚህ ትምህርታችን «ዝም በሉ» የሚል አይደለም። ገና ትንሽ ሳለ በትንሽ ቃል ተናገሩት የሚል ነው።

አባቶቻችን በዚህ በኩል ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ይቆም ነበር። አላፊ መንገደኛ ዳኛ ሆኖ ይሰማቸው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት ልማድም ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ ከተናደዱበት ሰው ጋር በአንድ ነጠላ ታስሮ ብዙ መንገድ መሄድ! ያን ጊዜ ፖሊስ በየቀበሌው አልነበረም። ዱላውን ያቆመው አንድ ቃል ነው፤ ቃሉን ሁሉም ስለሚያከብረው ነው።

በሽምግልና ላይም ይህ ጥበብ አለ። ባለጉዳይ የሚናገረው ለሽማግሌው እንጂ ፊት ለፊት ለባላጋራው አይደለም። አንዱ ሲናገር ሌላው ጣልቃ ከገባ ይገሠጻል። ተራውን ሲጠብቅ ትንፋሹ ይመለሳል።

አመለካከትም ከቃል በፊት ነው የሚመጣው። ወደ ጐረቤት ቤት ስንሄድ ምን ይዘን ነው የምንሄደው? ዱላ ይዞ ደጅ የቆመ ሰው «እንደምን አደራችሁ» ቢል ማን ያምነዋል? ተቀምጦ የሚናገርና ቆሞ የሚናገር ሰው ቃላቸው አንድ ቢሆን እንኳ አይሰማም። ደግሞ ያ ሰው ማን ነው? ለሰኔ እርሻ በሬ የምትቀናጁት፣ ለአጨዳ ደቦ የምትጠሩት፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተክልላችሁ ሰው ነው። ይህን እያሰበ የሄደና «ዛሬ አሳየዋለሁ» እያለ የሄደ ሰው ከአፋቸው የሚወጣው አንድ አይሆንም። ጠጥቶ መሄዱንስ ተዉት፤ ስለ አረቄ ራሱን የቻለ ትምህርት ያስፈልጋል።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። በእኔ ዕድሜ ላለ ልጅ ይህን ለአባቶች መናገር ያስቸግራል፤ ካልተናገርኩት ግን ትምህርቱ ጐደሎ ይሆናል።

ቃል ነገርን ማግዘፍ ብቻ አይደለም የሚችለው፤ ማሳነስም ይችላል። በወንዶች ጨዋታ መካከል «ትናንት ሚስቴን ቀጣኋት» ሲባል ሰምቻለሁ። ማንም ቀና ብሎ አላየም። «መቅጣት» ለልጅና ለጥፋተኛ የሚባል ቃል ነው። ትልቅ ሰው ነች፤ የቤት ባለቤት ነች። የሆነው ነገር በስሙ ይጠራ ከተባለ «በንዴት መታኋት» ነው። ሰውዬው «መታኋት» ብሎ ቢናገር ኖሮ ጨዋታው ጸጥ ባለ ነበር፤ እሱም የሠራውን ባየ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል ብሎ ነው የሚጠራው፤ ቅጣት ብሎ አይደለም። በዚያው ሕግ ስድብም ራሱን ችሎ ያስከስሳል።

ደግሞ ቁጣ ሁሉ መጥፋት አለበት ብዬ አላምንም። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ከመታወጁ በፊት ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። «ዕድሌ ነው» ያለ ጭሰኛ አልተቆጣም። «በደል ነው» ያለው ተቆጣ፤ ጠየቀም። «ዕድል» በሚለው ቃል ውስጥ ማንም ተጠያቂ የለም። ያው አዋጅ የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ አቋቁመው የመሬት ክርክር እንዲሰሙ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። በሸንጎውም ፊት ቢሆን «ደፈረኝ» ከማለት ይልቅ «ወሰኑ ከዚህ ግራር እስከዚያ ድንጋይ ነበር፤ ሦስት ትልም ገፋብኝ» ያለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባ ነበር። በገበያም እንደዚሁ ነው። ሚዛኑ የተሰረቀበት ሰው «ሌባ!» ብሎ ቢጮኽ ጠብ ይነሣል፤ ነጋዴው ያመልጣል። «ቤቴ መዝኜ 52 ኪሎ ነበር፤ እዚህ 47 አለ፤ በሌላ ሚዛን ይመዘንልኝ» ቢል ግን ቁጣው ሳይቀንስ መብቱን ያስከብራል።

የጤፉ ነገር እንዴት ሆነ? እሑድ ቀን ዋርካው ሥር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሁለቱም ዱላቸውን ከግንዱ አስደግፈው ተቀመጡ። አባታችን ወረቀታቸውን ራሳቸው አነበቡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ «ረግጠው» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ተሰናክለዋል። ሽማግሌዎቹ ወደ ማሳው ሄደው አዩ፤ ለኩ። አንድ ቁና ተኩል ጤፍ ካሳ ተፈረደ። ያን ዕለት ማለዳ ዱላው ቢነሣ ኖሮ፣ ለአንድ ቁና ተኩል ጤፍ ሰው ይሞት ነበር፤ ሌላው ይታሰር ነበር፤ የሁለት ቤት ልጆች ደም ይቃቡ ነበር።

ስለ ቃሉ ሲጠየቁ ጐረቤታቸው አንገታቸውን ደፉ። ሌሊቱን ሙሉ በሬ ፍለጋ ሲንከራተቱ አድረዋል። ጠዋት አባታችን ደጃቸው ላይ ሲጮኹ «በሚስቴ ፊት ሊያዋርደኝ መጣ» ብለው አሰቡ። ለካ እሳቸውም ቤት ውስጥ ያችው «ናቀኝ» ነበረች! «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» ብለው ወደ እግራቸው ሲያጐነብሱ አባታችን ቀድመው ያዟቸው።

እስካሁን ግን ቡና አይጠራሩም። በሬም አይቀናጁም። ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ልጆቻቸውም ውኃ አብረው ይቀዳሉ።

ለመጪው ሳምንት የሚሠራ መልመጃ፦ ከወረቀታችሁ መካከል ከላይ ወደ ታች መስመር አስምሩ። በዚህ ወር ያናደዳችሁን አንድ ነገር አስቡ። በግራ በኩል በመጣላችሁ ቃል ጻፉት። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል «በዓይኔ አይቼዋለሁ? በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያላያችሁትንና ያልሰማችሁትን ሰርዙ። ሊቆጠር የሚችለውን ቁጠሩ፤ ስንት ከብት፣ ስንት ትልም፣ ስንት ቀን፣ ምን ተባለ። የቀረውን በቀኝ በኩል ጻፉ፤ መጨረሻ ላይ «ቅር አለኝ» ወይም «ተቆጣሁ» ወይም «አዘንኩ» ከሚሉት እውነተኛውን ምረጡና ጨምሩበት። ምን እንደምትፈልጉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በጣቢያችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተነባበቡ። የማንንም ስም አትጻፉ።